ይሄን ብር ማን ነው የሚወስደው?

ቤጂንግ ተማሪ ሳለሁ የዶርም ጎረቤቴ አርኪዮሎጂ የሚያጠና ቻይናዊ ልጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ደበደበና «ተነሥ፣ ንጉሥ ላሳይህ» አለኝ። የት እንደምንሄድ እንኳ ሳልጠይቅ ተከተልኩት። ከከተማው በስተሰሜን ባለው ሸለቆ 13 የሚንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ተቀብረዋል። ከነሱ መካከል ጎብኚ እስከ ሬሳ ሣጥኑ ድረስ የሚወርድበት ዲንግሊንግ ብቻ ነው፤ የዋንሊ መቃብር። ሰውየው ከ1572 እስከ 1620 ነግሧል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለሁላችንም ይቀልላል።)

ደረጃው አለቀ ስትል ይቀጥላል። ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ 27 ሜትር ታች ስትደርስ ጃኬት ያምርሃል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ድንጋይ፣ በሩ ድንጋይ። መካከለኛው አዳራሽ ውስጥ ሦስት የእብነ በረድ ዙፋኖች አሉ፤ አንዱ ለንጉሡ፣ ሁለቱ ለእቴጌዎቹ። ከፊታቸው ትልልቅ የፖርሴሊን ጋኖች ተቀምጠዋል። ያኔ ዘይት ተሞልተው፣ ክር ተነክሮባቸው «የማይጠፋ መብራት» ተብለው ነበር። በሩ ተዘግቶ አየሩ ሲያልቅ ጠፍተዋል።

ከዙፋኖቹ ሥር ደግሞ ብር ተበትኗል። አንድ ዩዋን፣ አምስት ዩዋን፣ ሳንቲም፣ የተጣጠፈ፣ የተጨማደደ። ጎብኚው ዕድል ይሰጠኛል ብሎ በአጥሩ ላይ ይወረውራል። አጠገባችን አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመዋል። ልጁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቦርሳቸው አንድ ዩዋን አውጥተው ሰጡት። ወረወረ። አልደረሰለትም። አንሥቶ ደገመው፣ ደረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቃቸው።

«አያቴ፣ ይሄን ብር ማን ነው የሚወስደው?»

«ንጉሡ ነዋ።»

«አስጎብኚዋ ሣጥኑ ባዶ ነው አለች እኮ።»

አሮጊቷ መልስ አልሰጡም። እጁን ይዘው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ጎተቱት። ጓደኛዬ በጆሮዬ «ማታ ሠራተኞቹ ይጠርጉታል» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። ስለ ቻይና ነገሥታት መቃብር ያነበብኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ልጅ አፍ ላይ ይመልሰኛል።

ሣጥኑ ለምን ባዶ ሆነ?

ዲንግሊንግን የከፈተው ሌባ አይደለም። መንግሥት ነው። በ1956 ቁፋሮው ሲጀመር ባለሙያዎቹ መግቢያው የት እንደሆነ አያውቁም። ጉብታው ግዙፍ ነው፣ ከየት ይጀመራል? ሲቆፍሩ ሲቆፍሩ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አገኙ። ጽሑፍ አለባት። «ከዚህ ድንጋይ እስከ ግንቡ ፊት 16 ጃንግ፣ ጥልቀቱ 3 ጃንግ ተኩል» ይላል። ጃንግ ከሦስት ሜትር ትንሽ የሚያልፍ የቻይና መለኪያ ነው። እንግዲህ አስቡት። ስድስት ዓመት ተለፍቶበት፣ ስምንት ሚሊዮን ሊያንግ (የጥንት የቻይና የክብደት መለኪያ ነው) ብር ፈስሶበት፣ ተደብቆ የተሠራ መቃብር አቅጣጫ ጠቋሚ ድንጋይ ተቀብሮለታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መቃብሩ በ1590 አለቀ፣ ንጉሡ ግን ገና 30 ዓመት ኖረ። ተሸፍኖ መቆየት ነበረበት። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ መግቢያው መገኘት አለበት። ሠራተኞቹ ለራሳቸው ማስታወሻ ትተው ሄዱ።

ግንቡን ካለፉ በኋላ የድንጋይ በሩ አልከፈት አለ። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ማን ቀረቀረው? ጓደኛዬ ይሄን ሲያስረዳኝ የገዛ ጃንጥላውን መሳሪያ አድርጎ ነው። ከበሩ ጀርባ አንድ ረጅም የድንጋይ ምሰሶ ዘንበል ብሎ ይደገፋል። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ በሩን ሲስበው ምሰሶው ቀስ እያለ ይንሸራተትና በበሩ ላይ በተቀረጸው ጎድጎድ ውስጥ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ከውጭ ብትገፋው አይነቃነቅም። ባለሙያዎቹ ወፍራም ሽቦ አጥፈው በስንጥቁ አስገቡ፣ የምሰሶውን አንገት ያዙ፣ ቀና አድርገው ገፉት። በሩ ተከፈተ። ጓደኛዬ ጃንጥላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በጫማ ክሩ ሲያቆመው አንድ ጥበቃ መጥቶ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለን።

ከውስጥ ከ3,000 በላይ ዕቃ ወጣ። ከወርቅ ክር የተጠለፈ ዘውድ አለበት፤ ስታየው ወንፊት ይመስላል። የእቴጌዎቹ ዘውዶች በሺህ የሚቆጠር ሉል ተደርድሮባቸዋል፣ ሰማያዊው የወፍ ላባ ነው። ጥቅል ጥቅል ሐር ደግሞ ነበር። ሐሩ ግን አየር ሲነካው ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ተሰባበረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው። ዋናዎቹ ሬሳ ሣጥኖች በ1959 «አርጅተዋል» ተብለው ተጣሉና በአዲስ ተተኩ። በ1966 የባህል አብዮት ወጣቶች የንጉሡንና የሁለቱን እቴጌዎች አፅም ደጅ አውጥተው በድንጋይ ቀጠቀጡት፣ አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ ቻይና ለምርምር ብላ የንጉሥ መቃብር መክፈት አቁማለች። ሌባ የጀመረውን ወይም ግንባታ የነካውን ለማዳን ካልሆነ አይነካም።

ስለዚህ ልጁ ልክ ነበር። ንጉሡ የለም።

«ኑ ቆፍሩ» የሚል ድንጋይ

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝን ነገር ያገኘሁት በኋላ ነው። ከዋንሊ 1,800 ዓመት ቀደም ብሎ ሉ ቡዌይ የሚባል ሰው ነበር። ነጋዴ ነበር፣ የቺን መንግሥት ዋና ሚኒስትር ሆነ። ምሁራን ሰብስቦ በ239 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አስጻፈ። መጽሐፉ ስለ ቀብር የሚያወሩ ሁለት ክፍሎች አሉት። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በመቃብር ጉብታ ላይ ድንጋይ አቁሞ «እዚህ ውስጥ ሉል አለ፣ ጄድ የሚባል የከበረ ድንጋይ አለ፣ ብዙ ሀብት አለ። ቆፍሩት። የቆፈረው ዘር ማንዘሩ በሠረገላ ይሄዳል፣ ሥጋ ይበላል» ብሎ ቢጽፍበት ሰው ሁሉ አብዷል ብሎ ይስቅበታል። እና ያ ትልቅ ጉብታ ራሱ ያንኑ አይደለም እንዴ የሚለው?

የዲንግሊንጓ ድንጋይ ትዝ አለችኝ። ሉ ቡዌይ ለቀልድ የጠቀሰው ድንጋይ በቁም ነገር ተቀርጾ ተገኘ።

መጽሐፉ ሌላም ይላል። ያልጠፋ መንግሥት የለም፣ ስለዚህ ያልተቆፈረ መቃብር አይኖርም። ነገሩ የሌባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘበኛውን የሚቀልበው መንግሥት ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ዘበኛው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ራሱ አካፋ ያነሣል።

ሉ ቡዌይ ይሄን ሲያስጽፍ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ወጣት ንጉሥ ነበር። በኋላ ቻይናን አንድ አድርጎ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት፣ ቺን ሺ ኋንግ፣ የተባለው እሱ ነው። ሚኒስትሩ የመከረውን ንጉሡ ቢሰማ ኖሮ ሺያን ከተማ አጠገብ ያለውን ተራራ የሚያህል ጉብታ አናየውም ነበር። በ1974 ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው የሸክላ ወታደሮች የዚህ መቃብር የግቢ ጥበቃዎች ናቸው። ዋናው ክፍል እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ከመቶ ዓመት በኋላ እንደጻፈው ውስጡ የሜርኩሪ ወንዞች ይፈሳሉ፣ የቀረበን ሰው በራሳቸው የሚወጉ ቀስቶች ተጠምደዋል። የጉብታው አፈር ሲመረመር የሜርኩሪው መጠን እውነትም ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ሲማ ቺየን አንድ ነገር ይጨምራል። ሥራውን የጨረሱት የእጅ ባለሙያዎች ከነነፍሳቸው እዚያው ተዘጋባቸው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው በእግሩ የሚሄድ ካርታ ነው፣ ካርታው ደግሞ አፍ አለው።

ኮረብታው ላይ የተባለው

ከነዚህ ሁሉ ታሪኮች አንድ ቦታ ብቻ ሁኜ ባየሁ የምለው የባሊንግ ኮረብታን ነው። ንጉሠ ነገሥት ዌን የሀን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ነው፣ የሞተው በ157 ከክርስቶስ ልደት በፊት። አንድ ቀን የራሱ መቃብር ወደሚሠራበት ኮረብታ ወጣ። የሚወዳት ሴት አብራው ናት። ወደ ታች እያመለከተ «ያውልሽ፣ ወደ ሀንዳን የሚወስደው መንገድ» አላት። ሀንዳን አገሯ ነው። በገና መሰል መሳሪያዋን እንድትመታለት ጠየቃት፣ እሱ አዜመ። ዜማው ሐዘን ነበረበት። ከዚያ ወደ ባለሟሎቹ ዞረ። «ከሰሜኑ ተራራ ድንጋይ አስፈልፍዬ የሣጥን መያዣ ባደርገው፣ ስንጥቁን ቃጫ ከትፌ በዛፍ ሙጫ ብደፍነው፣ ማን ሊያነቃንቀው ይችላል?»

ሁሉም በአንድ አፍ «እውነት ነው!» አሉ። የቤተ መንግሥት ሰው የሚለውን እናውቃለን።

ጃንግ ሺጅ የሚባል አንድ ሹም ግን ወደፊት ወጣ። «ውስጡ የሚያስጎመጅ ነገር ካለ ተራራውን በሙሉ አቅልጠህ ብትደፍነው እንኳ ስንጥቅ አይጠፋውም። የሚያስጎመጅ ነገር ከሌለ የድንጋይ ሣጥንም ባይኖር ምን ያሳስባል?»

እዚህ ጋ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ንጉሡ በዜማ ሆድ ብሶታል። ሞቱን እያሰበ ነው። አጠገቡ የሚወዳት ሴት አለች። እንዲህ ባለ ሰዓት እውነት የሚናገር ሹም ወይ ጅል ነው ወይ ደፋር። የሚገርመው ንጉሡ አልተቆጣም። አመሰገነው፣ ቆይቶም የፍርድ ቤቶች ሁሉ የበላይ አድርጎ ሾመው። ለቀብሩ ደግሞ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ቆርቆሮ አይግባ፣ ዕቃው ሁሉ ሸክላ ይሁን ብሎ አዘዘ። ጉብታም አልተከመረለትም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ታሪክ ነበር። አላበቃም። ከ450 ዓመት በላይ አልፎ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገሩ ሲታወክ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ባሊንግንና ሌላ አንድ የሀን መቃብር ቆፈሩ። ብዙ ሀብት አወጡ። የጊዜው ንጉሥ ገርሞት «የሀን መቃብር ውስጥ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። ሹሙ ሲመልስ፣ የሀን ነገሥታት ከነገሡ ከዓመት በኋላ መቃብራቸውን ያስጀምራሉ፣ ከአገሩ ግብር ሲሶው ለመቃብር ይውላል አለው። ሌላው የሀን ንጉሠ ነገሥት ዉ ብዙ ስለኖረ ሲሞት መቃብሩ ዕቃ አልይዝ ብሎ ነበር። «ቀይ ቅንድብ» የሚባሉት ዓመፀኞች ገብተው ግማሹን እንኳ ማውጣት አቃታቸው። ሹሙ የቋጨው እንዲህ ነው፦ እነዚህ ሁለቱ እኮ የቁጠባዎቹ ናቸው።

የቁጠባዎቹ! ታዲያ የሸክላው ትእዛዝ የት ገባ? እኔ የምጠረጥረው ልጁን ነው። አባት ሸክላ ብሎ ይሞታል፣ ልጅ ደግሞ ሰው ፊት ይቆማል። አባቱን በሸክላ ቀበረው መባልን የሚሸከም ትከሻ ማን አለው?

ግን ሸክላው ራሱስ? በ2002 ከዚያው ከባሊንግ ግቢ፣ ከንጉሡ ሚስት ከእቴጌ ዶው መቃብር አካባቢ የተሰረቁ ጥቁር የሸክላ ምስሎች ኒው ዮርክ ጨረታ ላይ ሊቀርቡ ሲሉ ተያዙ። በዓመቱ ወደ ቻይና ተመለሱ። ሁለት ሺህ ዓመት ሲያልፍበት ሸክላውም ወርቅ ሆነ። ጃንግ ሺጅ ብልህ ሰው ነበር፣ አንድ ነገር ግን አላሰበም። የሚያስጎመጀውንና የማያስጎመጀውን የሚለየው ቀባሪው አይደለም። ከሱ በኋላ የሚመጣው ነው።

አፍ ውስጥ ያለው ሉል

ጓደኛዬ አንድ ጊዜ የትምህርት ክፍላቸውን አካፋ አሳየኝ። የሉዎያንግ አካፋ ይባላል። አካፋ አይመስልም፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ ነው፣ ስፋቱ ከጭብጥ አያልፍም። ወደ መሬት ትወጋዋለህ፣ ታዞረዋለህ፣ ስታወጣው የአፈር ዘንግ ይዞ ይወጣል። አፈሩ አንድ ዓይነት ከሆነ መሬቱን ማንም አልነካውም። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ከተቀላቀለ ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቆፍሮ መልሶታል። ጠፍጥፎ የተደለደለ ከሆነ ከሥር መቃብር ሊኖር ይችላል። ጓደኛዬ ያወጣውን አፈር በጣቱ እየፈረፈረ «ይሄን የፈለሰፈው የመቃብር ሌባ ነው ይባላል። እኛ ከነሱ ነው የወረስነው» አለኝ። ምንም አላፈረም።

ከሕጉ ጋር ስታየው ይሄ ሁሉ ጥበብ ለምን እንዳስፈለገ ይገባሃል። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሕግ መቃብር የቆፈረ ለከባድ ሥራ ይጋዛል። ሬሳ ሣጥን የከፈተ ታንቆ ይሞታል። ያም ሆኖ አልቆመም። ምክንያቱም በጣም የሚፈለገው ዕቃ ከሬሳው አጠገብ አይደለም፣ ከሬሳው ላይ ነው።

ቻይናውያን ጄድ ሰውነትን ከመበስበስ ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ለሞተ ሰው ምላሱ ላይ በሲካዳ ቅርጽ የተሠራ ጄድ ያደርጉለታል። ሲካዳ ዓመታት መሬት ውስጥ ቆይታ ወጥታ፣ ቅርፊቷን ጥላ የምትበር ነፍሳት ናት። የሀን መሳፍንት ደግሞ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በጄድ ልብስ ይቀበሩ ነበር። በ1968 ማንቼንግ ተራራ ውስጥ የተገኘው የልዑል ሊዩ ሼንግ ልብስ 2,498 የጄድ ቁራጭ አለው፣ የተሰፋበት የወርቅ ክር 1.1 ኪሎ ይመዝናል። የመቃብሩ በር በቀለጠ ብረት ተደፍኖ ነበር፣ ሌባ አልደረሰበትም። ልብሱ ሙሉ ነው። ሰውየው ግን አፈር ሆኗል።

ለብዙዎቹ ግን ልብሱ ራሱ ጠላት ሆነባቸው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ222 ንጉሥ ጻኦ ፒ ስለ ራሱ ቀብር ሲያዝ፣ የሀን መቃብሮች ያልተቆፈሩ እንደሌሉ፣ ሌቦቹ የወርቅ ክሩን ለማውጣት የጄድ ልብሱን ከነአፅሙ እንዳቃጠሉት ጻፈ። ይሄ የእሳት ቅጣት ይመስላል አለ። በጄድ ልብስ መቅበርም ከዚያ ወዲህ ቀረ። የሉ ቡዌይን ቃል ሊደግመው ምንም አልቀረውም፦ ያልጠፋ መንግሥት፣ ያልተቆፈረ መቃብር የለም። ስለ መቃብር ሌብነት ሳያውቅ አይቀርም። አባቱ ጻኦ ጻኦ በጠላቶቹ አዋጅ «ወርቅ ዳሳሽ» የሚል ሹመት ያላቸው የመቃብር ቆፋሪ መኮንኖች አሉት ተብሎ ተከሷል።

በዡዋንግዚ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚሁ አንድ ጨለማ ቀልድ አለ። ሁለት ምሁራን ሌሊት መቃብር ይቆፍራሉ። ትልቁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ትንሹ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ትልቁ «ሊነጋ ነው፣ እንዴት ሆነ?» ይላል። ትንሹ «ልብሱን ገና አላወለቅኩም፣ አፉ ውስጥ ግን ሉል አለ» ይመልሳል። ትልቁ ወዲያው ግጥም ይጠቅሳል። በቁሙ ለማንም ያልሰጠ፣ ሞቶ በአፉ ሉል ለምን ይይዛል? ከዚያ መመሪያ ይከተላል። ፂሙን ያዝ፣ አገጩን በመዶሻ ቀስ አድርገህ ምታ፣ ጉንጩን ክፈት፣ ሉሉን እንዳትጎዳው። ሬሳው ቢጎዳ ግድ የለም።

ቀልዱ እውነት የሆነው በ1928 ነው። የቺንግ ሥርወ መንግሥትን ለአሥርተ ዓመታት የገዛችው እቴጌ ጽሺ በ1908 ሞታ ከቤጂንግ በስተምሥራቅ በዙንኋ ተቀብራ ነበር። ሱን ዲየንዪንግ የሚባል የጦር አበጋዝ በሐምሌ ወር ወታደሮቹን ይዞ መጣ። «ልምምድ አለን» ብሎ አካባቢውን ዘጋ። መቃብሯን በድማሚት ከፈተው። በዚያው ሰሞን የንጉሥ ቺየንሎንግን መቃብርም አራቆቱ። አፏ ውስጥ ትልቅ ሉል እንደነበረ፣ በሳንጃ እንደወጣ ይወራል። በእርግጥ የሚታወቀው በነሐሴ ከቀድሞው ንጉሥ ከፑዪ ተልከው የመጡ ሰዎች ያዩት ነው። እቴጌዋን ልብሷ ተገፎ፣ በግንባሯ ተደፍታ አገኟት። ሻጋታ ወሯታል። ፑዪ በ1924 ከቤተ መንግሥቱ ሲባረር ያልተሰማው ሕመም ያኔ እንደተሰማው በኋላ ጽፏል። ሱን ዲየንዪንግ ለዚህ ወንጀል አልተቀጣም። የሞተው በ1947 በኮሚኒስቶች እጅ ምርኮኛ ሆኖ ነው።

ለማን ተብሎ?

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ስለ ሌቦቹ ማሰብ ተውኩ። ሌባ ግልጽ ነው፣ መብላት ይፈልጋል። የማይገባኝ ቀባሪው ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ መጽሐፉ ይነግረዋል፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ያሳየዋል፣ ሕግ አውጥቶ ሌባ ያንቃል። መልሶ ግን ወርቁን ይቀብራል።

እዚህም ሉ ቡዌይ ቀድሞኛል። አሁን ያለው ቀብር ለሟቹ አይደለም ይላል መጽሐፉ። ያባከነ ይከበራል፣ የቆጠበ ይናቃል፤ የሟቹን ጥቅም ያሰበ የለም፣ የቋሚውን ሐሜትና ምስጋና እንጂ። ይሉኝታ ነው እንግዲህ። እኛ አገር ወርቅ አንቀብርም፣ መግነዝ ይበቃናል። ግን ለተዝካር በሬውን ሸጦ ዓመቱን ሙሉ የተበደረ ሰው የማያውቅ ማን አለ? ሟቹ ከድግሱ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ችግሩ የማን ስም እንደሆነ አለመጠየቃችን ነው። የልጁ ስም ነው አብዛኛውን ጊዜ።

እንዲህ ስል ግን ራሴን እጠራጠራለሁ። ሁሉም ለታይታ ነው ማለት ይቀላል። ንጉሠ ነገሥት ዌን ያዜመው ለታይታ አልነበረም። ልጅ እናቱን ባዶ እጇን ላለመስደድ ሲል አንድ ነገር እጇ ላይ ቢያደርግ እሱንም ሐሜት ፈርቶ ነው ልለው አልችልም። ቻይናውያን መሀል መንገድ አግኝተው ነበር። ለመቃብር ብቻ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ የማይበስልበት ድስት፣ የማይመታ በገና፣ የሸክላ አሳማ። ገንዘቡም ከጊዜ በኋላ የወረቀት ሆነ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው የኛ ተረት እዚያ ቃል በቃል ይሠራል፣ ገንዘቡ ግን የሚሰረቅ አይደለም። ይሄ ይመስለኝ ነበር።

የጓደኛዬ አያት በዚያው ክረምት ሞቱ። በሚያዝያ፣ ለሙታን በሚታሰበው የቺንግሚንግ በዓል፣ ቤተሰቡ ጋር ይዞኝ ሄደ። ትንሽ ከተማ ናት። የሰውየው አስከሬን የተቃጠለ ስለሆነ መቃብሩ ጠባብ ነው፣ አመድ የያዘች ዕቃ ብቻ ናት። አባቱ ከፌስታል የወረቀት ገንዘብ አወጡ፣ የወረቀት ስልክ፣ የወረቀት ጫማ። ከማቃጠላቸው በፊት በእንጨት መሬቱ ላይ ክብ አሰመሩ፣ በአንድ በኩል ክፍት ተዉት። ገንዘቡን ክቡ መሀል አድርገው ለኮሱት። ከዚያ ጥቂት ወረቀት ለይተው ከመስመሩ ውጭ ለብቻው አቃጠሉ።

እሱ ምንድን ነው ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። አባቱ ሰምተው ራሳቸው መለሱልኝ። ክቡ የአባታቸው ነው፣ ሌላ እንዳይነካው። ውጭ ያለው ደግሞ ወገን ለሌላቸው፣ የሚያቃጥልላቸው ለጠፋ መናፍስት ነው።

«ለነሱም መስጠት የግድ ነው?» አልኳቸው።

እሳቱን በእንጨቱ እየቆሰቆሱ «ካልሰጠናቸው ይቀሙታላ» አሉኝ።